ሐይቅ ከተማን በብስክሌት፦ የአንድ ቀን ጉብኝት ግምገማ

በግዕዝ «ሐይቅ» ማለት ዳርቻ፣ ይልቁንም የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። በአማርኛችን ቃሉ ከዳሩ ተነሥቶ ወደ ውሃው ገባና እዚያው ቀረ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት ሐይቅ ከተማ ግን፣ ስሟን በጥንቱ ፍቺ ለሚያነበው ሰው ዛሬም የጠረፍ ከተማ ናት። ወደብ የላትም፤ ውሃውም ከከተማዋ መሀል አይታይም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ መሄድን ይጠይቃል። ይህች ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር ለሚሄድ ትሰለቻለች፣ በባጃጅ ለሚሄድ ደግሞ ምንም ሳያይ ታልቃለች። ብስክሌት የሚያዋጣው በዚህ መሀል ነው።

የምገመግመው ከተማዋንም ሐይቁንም አይደለም። በከተማዋ ብስክሌት እያከራዩ፣ መሪ መድበው፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ የሚያስጎበኙ ጥቂት ወጣቶች አሉ፤ የማወራው ስለ እነርሱ አገልግሎት ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። ከምወቅሳቸው ነገር አብዛኛውን ያኔውኑ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ በጀማሪ ሥራ ላይ የተሰነዘረ ወቀሳ ደግሞ በስም ሲጻፍ ከጥፋቱ በላይ ይከብዳል። የሄድኩት በጥቅምት አጋማሽ ላይ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ብስክሌት መንዳት የተማርኩትም ዘግይቼ፣ ወንድሜ ዘንድ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ብስክሌት ባይነዳ አይፈረድበትም፤ ከተማው ወይ አቀበት ነው፣ ወይ ቁልቁለት።

ክፍያው ለአንድ ሰው 800 ብር ነው። በዚህ ውስጥ ብስክሌቱ፣ መሪዎቹና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይካተታሉ፤ በሐይቁ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ፣ ምሳና ታንኳ ለብቻ ይከፈላሉ። ይህን ሁሉ አስቀድመው በስልክ በግልጽ ነግረውናል፤ ስንደርስም አንድ ብር አልጨመሩም። በእኛ አገር የጉብኝት ሥራ ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ አመስግኜ አልፋለሁ። የቀጠሩን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ጉዞው የተጀመረው ግን 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከስምንቱ ብስክሌቶች የሁለቱ ጎማ ሌሊቱን ተንፍሶ አድሮ ነበር።

ብስክሌቶቹ ያገለገሉ፣ ባለ ማርሽ፣ ለጠጠር መንገድ የሚሆን ወፍራም ጎማ ያላቸው ናቸው። ማርሾቹ ይሠራሉ፤ የኋላ ፍሬኖቹም ጥሩ ናቸው፤ የእኔው የፊት ፍሬን ግን ጎማው ተበልቶ ብረቱ ከቸርኬው ጋር ይፋጭ ስለነበር ለመሪው አሳየሁት፤ እርሱም ወዲያው ከሌላ ብስክሌት ፈትቶ ቀየረልኝ። ያልቀየረልኝ ነገር ቢኖር ኮርቻውን ነው። ሁሉም ብስክሌቶች በወንድ ቁመት የተሠሩና መሀል ላይ ብረት የተጋደመባቸው ናቸው፤ የእኔ ኮርቻ ማስተካከያ ዝጎ ስለተጣበቀ ዝቅ አላለም፤ ስለዚህ በቆምኩ ቁጥር በአንድ እግሬ ጣት ተንጠልጥዬ ነበር የምቆመው። ሱሪ ለብሼ ባልሄድ ኖሮ ጉዞው በዚያው ባለቀ ነበር። ከስድስታችን ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጉዳዩ ለወጣቶቹ ትንሽ መስሎ ሊታያቸው ይችላል፤ እኔ ግን ሴት የሚያንሰው ብስክሌቱ እንዲህ ስለሆነ ሊሆን ይችላል አልኳቸው።

የራስ መከላከያ ቆብ የነበረው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሰጡን፤ ሌሎቹ በባዶ ራሳቸው ነዱ። ጠጠር መንገድ ላይ ይህ ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል። ነገር ግን ከመነሻው እስከ መገንጠያው ድረስ ያለው መንገድ የደሴ–ወልድያ ዋና አስፋልት ነው፤ ሲኖትራክ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ንፋሱ ብስክሌቱን ወደ ራሱ ይስባል። ከመላው ጉዞ የምጠላው ክፍል ይህ ነው። በከተማዋ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ መንገድ መኖሩን ስንመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መሪው «እሱ ጭቃ አለው» አለኝ። በጥቅምት ምን ጭቃ አለ?

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ያለው ጉዞ ግን በእውነት ያማረ ነው። መንገዱ በማሽላና በጤፍ ማሳ መካከል ወደ ውሃው ያዘነብላል፤ ጤፉ ገና ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየተመለሰ ነበር። በየማሳው ማማ ላይ ወንጭፍ የያዙ ልጆች ወፍ ይጠብቃሉ፤ ሲያዩን ወፎቹን ረስተው «ሴትዮዋ ነዳች! ሴትዮዋ ነዳች!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይነዳሉ። ሲጀምሩ የነገሩን ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት የሁላችንም ፍጥነት ነው። ሕጉንም ቀኑን ሙሉ አክብረውታል። የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አንድም ጊዜ እንደዘገየሁ እንዲሰማኝ አላደረጉም።

በግማሽ መንገድ ላይ ከፊት ያለው መሪ ሳይናገር ወርዶ ብስክሌቱን ከግራር አስደገፈና ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ሄደ። ከባለማሳው ጋር ጥቂት ተነጋግሮ፣ ሂሳቡን ሰጥቶ፣ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ይዞ መጣ። ጥንቅሽ መቼም ወሎዬ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከደሴ ገበያ ገዝተን በልተነዋል። ከማሳው ላይ ገና የተቆረጠው ግን ሌላ ነው፤ ልጣጩ በጥርስ ሲላጥ ይጮኻል፣ ውሃው በክርን ላይ ይወርዳል። ከእኛ ጋር የነበረው የአዲስ አበባ ልጅ ከንፈሩን በልጣጩ ቆረጠ፤ ገበሬው ከሩቅ ሆኖ አገዳውን እንዴት መያዝ እንዳለበት በእጁ አሳየው። በዚህ ዕረፍት ላይ ምንም ማብራሪያ አልተሰጠም፤ መሪው ዝም ብሎ አብሮን በላ። አስጎብኚ መቼ መናገር እንደሌለበት ማወቁን እኔ ከዕውቀቱ አስቀድማለሁ።

ሲናገርም ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ከሚታይበት ከፍታ ላይ አቁሞ፣ በስተሰሜን ወደ አምባሰል ተራሮች፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የአርዲቦ ሐይቅ ወዳለበት አቅጣጫ እያመለከተ አስረዳን። አርዲቦ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሲሞላ ትርፉ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ቀጥሎም ስለ ገዳሙ ታሪክ ሲናገር አንድ የወደድኩለት ልማድ አየሁበት፦ «ይባላል» እና «ተጽፏል» የሚሉትን ቃላት አይቀላቅላቸውም። ገዳሙ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይባላል አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1248 ወደዚህ እንደመጡና ቦታውን የትምህርት ማዕከል እንዳደረጉት ተጽፏል አለ። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑን ከዛጉዌ ነገሥታት የተረከበው ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ እዚህ እንደተማረ ይባላል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር እንደተማሩ በገድላቸው ተጽፏል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን እንደነበራቸውም ጨመረልን። እኔ ከራሴ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የዚሁ ገዳም ተማሪ እንደነበሩ ብጨምርበት ደስ ብሎት ተቀበለኝ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮም «እትዬ» ማለቱን ትቶ «ቲቸር» ይለኝ ጀመር።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሲታይ ገዳሙ ያለበት ጫካ ደሴት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው በደሴት ላይ ስላለ ገዳም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው ስለሸሸ ዛሬ በእግርም በብስክሌትም ይደረሳል። መሪው ይህን የነገረን ከላይ ሆኖ ሳይሆን፣ ድሮ ውሃ በነበረበት በዚያ ዝቅተኛ መሬት ላይ እየነዳን ሳለ «አሁን ሐይቁ ውስጥ ናችሁ» ብሎ ነው። ቦታውን ከነገሩ ጋር እንዲህ ማገናኘት በብስክሌት ላይ ካልሆነ በቀር አይቻልም፤ በመኪና ቢሆን ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቦታው ባለፈ ነበር።

የጉብኝቱ ዋና ጉድለት የገጠመኝም ከዚያ በኋላ፣ በገዳሙ በር ላይ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሥርዓቱንም አከብራለሁ፤ በበሩ ላይ ያሉትን አባት ሰላም ብዬ የቆምኩትም ሳይከለክሉኝ በፊት ነው። ቅሬታዬ በገዳሙ ላይ አይደለም። ገንዘቤን የተቀበሉኝ ወጣቶች ሴት መሆኔን በስልክም በአካልም እያወቁ፣ አምስቱ ወንዶች ገብተው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲቆዩ እኔ የት እንደምውል አንዳች አላሰቡም። ሁለቱም መሪዎች ከወንዶቹ ጋር ገቡ። ከፊት ያለው መሪ ሊገባ ሲል ዘወር ብሎ «ቲቸር፣ ጥላው ጥሩ ነው፤ እዚህ ያርፋሉ» አለኝና ስድስት ብስክሌት እንድጠብቅ ትቶኝ ሄደ። የሁለቱን መሪዎች ከጨመርን ስምንት።

ወንድሜ ገብቶ ሲወጣ የነገረኝ በጥንታዊው ቅጥር ግቢ ውስጥ ስላለው ጸጥታና ስለ ዛፎቹ ብዛት ነው። በገዳሙ ተጠብቆ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተዘጋጀው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ፣ ዘመናቸው በውል ከሚታወቅ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ቀደምቶቹ መካከል ነው። ስለ እርሱ ጠይቄው ነበር፤ «ስለ መጽሐፉ ነግረውናል፣ ዘመኑን ግን ረሳሁት» አለኝ። ወንድሞች እንዲህ ናቸው።

እኔስ? ከጥላው ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ከተቀመጥኩ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ካለ ቤት የቡና ጭስ ሸተተኝ። አንዲት እናት ከደጃቸው ጠቀሱኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ከዚህ ሆነሽም ብስክሌቱን ታይዋለሽ፤ ማን ይወስደዋል?» አሉኝ። ገብቼ ከመደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ እየጤሰ ነው፤ የማሽላ እሸት በምጣድ ላይ ይታመሳል። «ጨው ወይስ ስኳር?» ብለው ጠየቁኝና ጨው ስላቸው ሳቅ አሉ፤ የከተማ ሰው ስኳር ይላል ብለው ጠብቀው ኖሯል። አቦሉን እንደጠጣሁ ስለ ሐይቁ አመጣጥ ያወጉኝ ጀመር። መሪያችን ይህንኑ አፈ ታሪክ ከከፍታው ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነግሮን አልፎ ነበር።

«ድሮ እዚህ ውሃ አልነበረም አሉ» አሉኝ። «አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በንጉሥ ሴት ልጅ ተበደለች። አላህ ተቆጣ። እሷ የተቀመጠችበትን ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ያች በዳይም ከነወዳጅ ዘመዷ ሰጠመች። የቀረችው መሬት ያውልሽ፣ ገዳሙ ያለባት ናት።» ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ለሴት ተብሎ የተረፈ መሬት ነው እንግዲህ፤ ሴት ግን ከበሩ ትመለሳለች» ብለው ሳቁ። ወቀሳ የለበትም፤ አንድ ሰው ስለ ጎረቤቱ ቤት እንደሚቀልደው ያለ ሳቅ ነው። ጎረቤታቸው ናቸውና፤ በጾም ወራት መነኮሳቱ ሲያልፉ ውሃ እንደሚያቀርቡላቸው፣ እርሳቸውም ሲታመሙ ከገዳሙ ጸበል እንደሚላክላቸው ነገሩኝ። በረካውን ጠጥቼ ስነሣ የቡናውን ሂሳብ ሰጠኋቸው፤ ያለ ብዙ ክርክር ተቀበሉኝ።

ከመላው ቀን እስካሁን የማስበው ያንን ሰዓት ነው፤ እርሱ ደግሞ ከ800 ብሩ ውስጥ አልነበረም። ለወጣቶቹ ያልኳቸውም ይህንኑ ነው፦ ከእኚህ እናት ጋር ተነጋገሩ፣ ክፈሏቸው፣ ሴት እንግዳ ስትመጣ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ እርሷ እዚህ ቡና ትጠጣ፤ ወይም አንዱ መሪ በዚያው ሰዓት በታንኳ ይውሰዳት። ከሁለት መሪ አንዱ ከበሩ ውጭ መቅረት አያቅተውም። ከፊት ያለው ልጅ ሰምቶኝ አፈረ፤ ከኋላ ያለው ግን «እስካሁን ማንም ቅሬታ አላቀረበም» አለኝ። ምናልባት እስካሁን የመጡት ሴቶች ጥላው ሥር ዝም ብለው ተቀምጠው ተመልሰው ይሆናል።

ምሳ በሐይቁ ዳር ካለ ቤት አሳ በላን። ቆሮሶው ከነጭንቅላቱ ተተልትሎ፣ አጥንቱ ጥርስ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይቀርባል፤ ስለ ምግቡ ሌላ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነው። ክርክሩ ነበር ያመረው። መሪያችን ስለ ታሪክ ያሳየውን ጥንቃቄ ስለ ውሃው አላሳየም። «ይህ ሐይቅ ታች የለውም፤ ገመድ አስገብተው አልደረሱበትም» አለን። «ይባላል» ቢል ኖሮ ባለፍኩት፤ እርሱ ግን በእርግጠኝነት ነው የተናገረው። የሐይቁ ጥልቀት ተለክቶ 88 ሜትር ያህል፣ ስፋቱም 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ነገርኩት፤ ለአገራችን ሐይቆች 88 ሜትር ብዙ ነው፤ ጣና እንኳ ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። እውነቱ ከተረቱ ያላነሰ አስገራሚ ከሆነ ለምን እውነቱን አይናገርም?

ቀጥሎ የምንበላው አሳ «ከጥንት ጀምሮ» ያለ ነው አለ። እርሱም አይደለም። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በኋላ የውሃው ጥራት እየደፈረሰ መምጣቱን ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። አሳው የብዙ ሰው እንጀራ ስለሆነ ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ሐይቁ መውጫ የሌለው ውሃ ነው፤ የሚገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በወንዝ ታጥቦ የሚሄድ ነገር የለም። ልጁ ሞባይሉን አውጥቶ ቁጥሮቹን ጻፈ። እንዲህ ዓይነት መሪ ይሻሻላል። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ማደሉን ቢተው መልካም ነው፤ በእርግጥ ባዶዎቹን ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰብስበው ወደ ከተማ ሲመልሱ አይቻለሁ፤ አንድም አልጣሉም።

በታንኳው ብዙ አልቆይም፦ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ የሚንሳፈፍ ጃኬት ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው አይሳፈር።

ስንመለስ ከኮምቦልቻ ከመጡት ሁለት ወጣቶች የአንዱ የኋላ ጎማ በግራር እሾህ ተበሳ። የሆነውን በዝርዝር የምናገረው የአገልግሎቱን መልካምና መጥፎ በአንድ ቦታ ስለሚያሳይ ነው። የኋላው መሪ ብስክሌቱን ገልብጦ በሁለት ማንኪያ እጀታ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፤ ከመነዳሪውን አወጣ፤ በአፉ ጥቂት አየር ነፍቶበት ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውሃ ውስጥ እያዞረ ነከረው፤ ትንንሽ አረፋ የወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ በሸሚዙ አደረቀ፤ በድንጋይ ፈገፈገ፤ ማስቲሽ ቀባ፤ ቁራጩን ለጠፈ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ በተረከዙ ረገጠው። ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም፤ የትኛውም ጎሚስታ ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ከዚያ ሁሉንም መልሶ ገጥሞ ለመንፊያው እጁን ወደ ሻንጣው ሰደደ። መንፊያ የለም። ጠዋት የተነፈሱትን ሁለት ጎማዎች ሲነፉ ቢሮ ረስተውት ነው የመጡት።

ስለዚህ የቀረውን ሁለት ኪሎ ሜትር ሁላችንም ብስክሌታችንን እየገፋን በእግራችን ወጣን፤ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት የሁላችንም ፍጥነት ነው ተብሏልና። ማንም አላጉረመረመም፤ እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን በጤፉ ላይ ሲያርፍ በእግር መሆናችንን ወደድኩት። ነገር ግን ዝናብ ቢሆን፣ ወይም ከእኛ መካከል ጉልበቱ የሚያመው ሰው ቢኖር ምን ይደረግ ነበር? ለስምንት ብስክሌት አንድ መንፊያ፣ እርሱም ቢሮ።

ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ለሚለኝ ሰው፣ ለወንድሜ ይገባዋል እላለሁ፤ 800 ብር ከፍሎ ገዳሙን አይቷል፣ ታሪኩን ሰምቷል፣ ቀኑን ሙሉ በጥሩ ብስክሌት ነድቷል። ለእኔ አሁን ባለበት ሁኔታ 500 ብር በቂ ነው፤ ያልገባሁበትን ዋና ቦታና ያልወረደውን ኮርቻ ቀንሼ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የውጭ እንግዳ የራቃት ከተማ ውስጥ በራሳቸው ገንዘብ ብስክሌት ገዝተው የጀመሩ ልጆች መሆናቸውን አልረሳሁም፤ ስለዚህም ነው የአገር ሰው ቅሬታ እንዲደርሳቸው የፈለግኩት። አሁን የሚመጣላቸው እንግዳ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ሰው ነው፤ ከእርሱም ግማሹ ሴት ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ጥንቅሹም እሸቱም ያኔ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቁ። ሴቶች ሱሪ ልበሱ፤ ኮርቻው ዝቅ ማለቱን ከመክፈላችሁ በፊት ተቀምጣችሁበት ሞክሩ፤ ለገዳሙ በር ደግሞ ነጠላ ያዙ፤ ባትገቡም ለቡና ለመቀመጥ ይሆናል። ራስ መከላከያ ቆብ ያለው ሰው የራሱን ይዞ ይሂድ። መንፊያውን ሻንጣው ውስጥ በዓይናችሁ ሳታዩ አትነሡ። ወደ ደሴ የሚመለሱት ሚኒባሶች እስኪሞሉ ይቆማሉ፤ እኛ 11 ሰዓት ላይ ተሳፍረን 11 ሰዓት ከአርባ ተነሣን፤ የወንድሜ እጅ የሰንሰለት ቅባት ስለነበረበት ረዳቱ ሂሳቡን በጣቱ ጫፍ ተቀበለው።